አሽሚ ጋ የሄድን ሰሞን

እማዬ "ፖካራ፣ አሽሚ ጋ እንሄዳለን" ያለችኝ ዕለት የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር፤ ቀና አላለችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንድ እግሬን ስኬትቦርዷ ላይ አድርጌ ወደፊት ወደኋላ እገፋፋታለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ጸጥ ብዬ የቆምኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ቁጭ ስል ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ አስተማሪዎቼ "ቢፓና፣ እግርሽን!" ብለው ካልጀመሩ ማስተማር የማይችሉ ይመስለኝ ነበር።

"መቼ?" አልኳት።

"ከነገ ወዲያ። ለሦስት ቀን።"

"ትምህርት ቤትስ?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቦርዷን የማትወድ ሴት፣ የስኬት ሜዳ ወዳለበት ከተማ፣ በትምህርት ቀን ልትወስደኝ! "ይቺ ጣውላሽ" ነበር የምትላት። የምገፋው በግራ እግሬ ስለሆነ የግራ ጫማዬ ሶል ከቀኙ ቀድሞ ያልቃል፤ እማዬ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጣ እየለጠፈችልኝ "ወይ ሁለቱንም ጨርሻቸው ወይ ሁለቱንም ተያቸው" ትለኛለች። በቤታችን ቦርዷ ሴት ነበረች። "የት አስቀመጥሻት?"፣ "እሷን ይዘሽ አልጋዬ ላይ እንዳትወጪ"፣ "ዝናብ ላይ ነው የተውሻት?" ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ ምክንያቱ እሱ ስለሆነ ነው።

ቦርዷ ደግሞ የኔ ብቻ አልነበረችም። ካትማንዱ፣ ካላንኪ ሰፈር ሳለን እማዬና የአሽሚ እናት እትዬ ጁኑ አንድ ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። አሽሚና እኔ ከፋብሪካው ጀርባ ባለችው የሲሚንቶ ሜዳ እንውላለን። ቦርዷን ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያመጣላት የአሽሚ አጎት ነው። አንዷ ስትነዳ ሌላዋ እስከ መቶ ትቆጥራለች፤ ከዚያ ተራ ይቀየራል። አሽሚ ሁልጊዜ ሰባዎቹን ትዘልላቸው ነበር። እነሱ ፖካራ፣ ሐይቁ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ሲሄዱ "አባዬ አዲስ ይገዛልኛል፤ አንቺ ያዣት" ብላ ተወችልኝ። ያዣት አለች እንጂ ውሰጃት አላለችም። ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል ትከነክነኝ ነበር።

እማዬ ሻንጣ ስታዘጋጅ ወፍራሙን ሹራቤን፣ የትምህርት ቤት ውጤቴንና የልደት ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልላ ከተተች።

"ለሦስት ቀን ሹራብ ምን ያደርጋል?"

"ፖካራ ይበርዳል።"

ፖካራ ከካትማንዱ ይልቅ እንደሚሞቅ ዛሬ እዚያው እየኖርኩ በየቀኑ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አመንኳት።

መንገዱ ገደል ለገደል ነው። ቦርዷን ጭኔ ላይ አድርጌ ጎማዎቿን በጣቴ እያሽከረከርኩ ሄድኩ፤ ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ሁለት ጊዜ ዞር ብለው "ይቺ ልጅ ወፍጮ ይዛ ነው እንዴ የምትሄደው?" አሉ። እማዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆነጥጠኝ ነበር። አልቆነጠጠችኝም። ማሌኩ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የተጠበሰ ዓሣ ገዛችና የራሷንም ድርሻ ሰጠችኝ። ስበላ ዓይኗን ከላዬ አላነሳችም።

"ምን ታዪኛለሽ?"

"ፊትሽ ላይ ዘይት አለ።"

ጠረግሁት። እሷ ግን ማየቷን አላቆመችም።

ከዚያ ምክር ጀመረች። "ሰው ቤት ሲሆኑ በጠዋት ተነስቶ አልጋ ማንጠፍ ነው። እትዬ ጁኑ ሳትነግርሽ ዕቃ ማጠብ ነው። አሽሚ ብትቆጣሽ መልስ አትስጪ።"

"ለሦስት ቀን?"

"ለሦስት ቀንም ቢሆን።"

አሽሚ አድጋ ጠበቀችኝ። በቁመት በአንድ ራስ ያህል በልጣኛለች፤ ድምፅዋ እንኳ ጎርነን ብሏል። አባቷ የገዛላት ቦርድ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የስኬት ሜዳ ወሰደችኝ። መሐሉ ላይ እንደ ትልቅ ገንዳ የጎደጎደ ሲሚንቶ አለ። አሽሚ ቦርዴን ተቀበለችኝና ከአፋፉ ላይ ጅራቷን ረግጣ ቁልቁል ተወረወረች። በዚያኛው በኩል ወጥታ፣ ዞራ፣ ተመልሳ አጠገቤ ቆመች።

"ሂጂ፣ ያንቺ ተራ ነው።"

አፋፉ ላይ ቆምኩ። ከታች ያለው ሲሚንቶ ርቆ ታየኝ። "ጫማዬ ልክ አይደለም" አልኩና ተውኩት።

ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀችም። ይልቅ ደግነት በደግነት ሆነች። "ቀስ ብለሽ ትለምጃለሽ፤ ጊዜ አለን" አለችኝ። ቤት ስንመለስ ከግድግዳው በኩል ያለውን የአልጋዋን ጥግ ለቀቀችልኝ። መሳቢያዋን ከፍታ ግማሹን ባዶ አድርጋ አሳየችኝ። አሽሚን አውቃታለሁ፤ እኔ የማውቃት አሽሚ ብስኩት ስትካፈል ፍርፋሪውን ሳይቀር የምትለካ ልጅ ናት። አንድ ነገር ትፈልጋለች አልኩ በልቤ።

ከሰዓት በኋላ የፈለገችው ነገር የተገለጠልኝ መሰለኝ። ሜዳው ላይ ሳለን ጠማኝና ውሃ ልጠጣ ወደ ቤት ተመለስኩ። እማዬና እትዬ ጁኑ ኩሽና ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ቧንቧው ከመስኮቱ ሥር ነበር።

"እርግጠኛ ነሽ ሁለት ዓመት ነው?" አሉ እትዬ ጁኑ።

"ሁለት ዓመት። እስከዚያ እዚህ አንቺ ጋ ትቀመጥልኝ። ይዣት አልሄድ።"

"አሽሚ እንደሆነች ደስታዋን አልቻለችውም።"

"አስቸጋሪ ናት እኮ ጁኑ። ቆማ አታውቅም። መንገድ ላይ እንዳትገባብሽ ብቻ። ትሰበርብኛለች ብዬ ነው የምፈራው።"

"እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃት። ግን ለልጅቷ ንገሪያት እንጂ።"

"ብነግራት እሪ ትላለች። እሪ ካለች ደግሞ እኔ አልችልም። ዝም ብዬ ነው የምሄደው።"

ቧንቧውን ሳልከፍት ቆምኩ። ቆማ የማታውቀው፣ መንገድ ላይ የምትገባው፣ የምትሰበረው ቦርዷ ነች። እሪ የምለው እኔ ነኝ። ሁሉም ነገር ግጥም አለ። እማዬ ቦርዷን ለአሽሚ መልሳ፣ እኔን ባዶ እጄን ወደ ካላንኪ ልትመልሰኝ ነው የመጣችው! ሁለት ዓመት፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን እስክጨርስ። ለዚህ ነው ዓሣዋን የሰጠችኝ። ለዚህ ነው ያቺ ስስታም መሳቢያ የለቀቀችልኝ።

በዚያ ምሽት ሞሞ፣ ሥጋ የተሞላ ጥቅል ሊጥ፣ ተሠርቶ አንድም አልበላሁ። እማዬ "አመመሽ?" ብላ ግንባሬን ስትዳስስ እጇን ገፋሁት። ሞሞውን አንድ በአንድ መልሳ ሳህኑ ላይ ስትደረድር ትዝ ይለኛል።

ጠዋት ፀጉሬን ሠራችልኝ። ሁለት ሹሩባ፣ ቆዳዬ እስኪወጠር ድረስ።

"ኧረ አመመኝ!"

"ጥብቅ ካላለ ቶሎ ይፈታል።"

ጨርሳም ሹሩባዎቹን በእጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ "ገበያ ደርሼ ልምጣ፤ እናንተ ሜዳችሁ ሂዱ" አለች። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበርና መልስ አልሰጠኋትም።

ሜዳው እንደደረስን አሽሚን ፊት ለፊት ቆምኩባት።

"አንቺም ታውቂያለሽ አይደል?"

ፊቷ ደም መሰለ። "እማ እንዳትነግሪያት ብላኛለች።"

"አልሰጥሽም! ገባሽ? ዓመት ሙሉ ጎማዋን የቀየርኩት እኔ ነኝ!"

"ምኗን?"

"ቦርዷን!"

አሽሚ ቦርዷን አየች፣ እኔን አየች። እንባዋ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንዲያ ያለ ነገር በሆዷ ይዛ እንደዋለች ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ትበላኛለች። ያን ጊዜ ግን "ተነቃባት!" አልኩ። ቦርዷን መንጭቄ ሮጥኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄጄ ካትማንዱ እገባለሁ። መሳፈሪያ የሚሆን ነገር ኪሴ ውስጥ የለም፤ እማዬ ተከትላኝ መጥታ ትከፍላለች ብዬ ነው መሰለኝ። እየጠየቅሁ፣ አስፋልቱ ደህና ሲሆን እየነዳሁ፣ ሲጎረባብጥ ቦርዷን ታቅፌ እየሮጥኩ ፕሪትቪ አደባባይ ደረስኩ። አውቶቡሶቹ ጢም ብለዋል፤ ጥሩምባ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የመንደሪን ልጣጭ። ከአውቶቡሶቹ አንዱን የተደገፈ ሰውዬ "የኔ እመቤት፣ ባለ አራት ጎማ ይዘሽ ምን አውቶቡስ ያስፈልግሻል?" ሲለኝ ዘወር አልኩበት፤ ዘወር ስል እማዬን አየኋት።

መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። የአውቶቡሱ ግንባር ላይ "ሱናውሊ" ይላል፤ የህንድ ድንበር ነው። አንብቤዋለሁ። አንብቤውም ምንም አልመሰለኝም። ልትፈልገኝ መጥታ በየአውቶቡሱ እየገባች ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ግንባሯ ላይ ቀይ ቲካ፣ በቀለም የተለወሰ የምርቃት ሩዝ፣ ተለጥፏል፤ ሩዙ ገና እርጥብ ነው። መንገዷን ቤተ መቅደስ አድርጋ ነው የመጣችው አልኩ። ቲካ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰውም እንደሚደረግ መቼም አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ግን እማዬ ሩቅ አገር የምትሄድ ሰው አልነበረችም።

"እማ!" ብዬ መስኮቱን በቦርዷ ጅራት መታሁት።

ስታየኝ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሳች። ከአጠገቧ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ነበር። "ዲልማያ፣ ማናት እሷ?" አላት። መስኮቱ ክፍት ነውና ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

"የጎረቤት ልጅ ናት" አለች እማዬ።

በሰው ፊት እየጮህኩ ጣውላ ይዤ ብመጣባት አፍራብኝ ነው አልኩ። ሰውዬው ደላላ ነበር። ትንሽ ልጅ ያላትን ሴት አይወስድም፤ እዚያ ደርሰው እያለቀሱ ያስቸግሩታል። ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ከካትማንዱ አየር ማረፊያ እንዳይወጡ ተከልክሎ ስለነበር በሱናውሊ በኩል ደልሂ ያሻግራቸዋል፤ ከደልሂ ኩዌት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወርዳ መጣች። በክንዴ ይዛ ወደ መንደሪን ሻጮቹ ወሰደችኝ።

"ምን ልታደርጊ መጣሽ? ማን አመጣሽ?"

"ቦርዴን አልሰጥም!" አልኩ፤ ድምፄ ማቆሚያውን ሞላው። "ለአሽሚ አልሰጣትም! ሰምቻችኋለሁ፤ ሁለት ዓመት እዚህ ትቀመጥ ስትይ ሰምቻለሁ! ትሰበራለች ስትይ! ዝም ብዬ ነው የምሄደው ስትይ!"

እማዬ አየችኝ። "ቦርዷን ነው?" አለች።

"ታዲያ ማንን?"

መሳቅ ጀመረች። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ ተናወጠ፤ እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠባጠበ። በሳቅ ያነባ ሰው አይቼ ስለማውቅ አልገረመኝም። ተናደድኩ እንጂ።

"ምን ያስቃል?"

ተንበረከከችና የተፈታ የጫማ ማሰሪያዬን አሰረችው። ከዚያ ያልተፈታውንም ፈታ አሰረችው።

"ስሚኝ። እሷን ማንም አይወስድብሽም። ያንቺው ናት።"

"ማይልኝ።"

"በእናቴ።"

"አሽሚም ብትጠይቅሽ?"

"አሽሚም ብትጠይቀኝ። አሁን ወደ ቤት ሂጂ። ትልቁን መንገድ ስትሻገሪ ከሷ ላይ ውረጂ። ግራ እዪ፣ ቀኝ እዪ፣ ከዚያ ተሻገሪ። ሰማሽ?"

"አንቺስ?"

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

"ጉዳይ አለኝ። ስጨርስ እመጣለሁ።"

ሁለት መንደሪን ገዝታ አንዱን ቀኝ ኪሴ፣ አንዱን ግራ ኪሴ ከተተችልኝ። እኔ አንድ እግሬን ቦርዷ ላይ አድርጌ ነበር። አሸንፌያለሁ! ዓለም ሁሉ አስፋልት ሆኖ ነበር የታየኝ። ገፋሁ፣ ደግሜ ገፋሁ፤ መንደሪኖቹ ኪሴ ውስጥ እየዘለሉ ከማቆሚያው ወጣሁ። ዞሬ አላየሁም።

ማታ እራት ቀርቦ እማዬ አልመጣችም። እትዬ ጁኑ እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቢፓና፣ እናትሽ ሥራ አግኝታ ኩዌት እየሄደች ነው። ሁለት ዓመት እኛ ጋ ትቆያለሽ።"

"ጠዋት እኮ አግኝቻታለሁ! ጉዳዬን ስጨርስ እመጣለሁ ብላኛለች።"

"ትመጣለች" አሉ። "እሱ ነው ጉዳዩ።"

እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እግሬ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በሰው ፊት ስለጮህኩባት፣ ማታም እጇን ስለገፋሁት ትታኝ የሄደች መሰለኝ፤ "የጎረቤት ልጅ" ያለችውም ከእንግዲህ ልጄ አይደለሽም ማለቷ ነው ብዬ ደመደምኩ። ትኬቷም ቀኑም ከወር በፊት ተቆርጦ እንደነበር የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አባቴ ሄታውዳ ከተማ ሌላ ትዳር ከያዘ ቆይቷል፤ የምሄድበት ሌላ ቤት የለኝም። በማግስቱ ቦርዷን አሽሚ አልጋ ላይ ጣልኳት። "ውሰጃት" አልኳት። አሽሚ አልነካቻትም። ከበሩ ኋላ አቆመቻትና ወራት አለፉ። እሷም አልነዳችም፤ ያንን በሽቦ የታሰረ ቦርዷን እንኳ።

የዝናቡ ወቅት ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ፣ ሩዝ ስለቅም፣ እግሬ በራሱ መሬቱን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። አሽሚ አየችው። ተነስታ ቦርዷን ከበሩ ኋላ አመጣችና እስከ መቶ መቁጠር ጀመረች። ሰባዎቹን አልዘለለችም።

እማዬ ዓርብ ዓርብ ትደውል ነበር። መስመሩ ይንጫጫል። "እግርሽ አረፈ?" ትለኛለች። "አላረፈም" እላታለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዓርብ አቆየው ነበር። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዛባት ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ። ስትመለስ ቁመቴ ከሷ በልጦ፣ እሷ ደግሞ የቀኝ ጉልበቷ ታሞ ተገናኘን። አቅፋኝ እጇ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፀጉሬ ነበር፤ አጭር ተቆርጬ ነበርና የምትይዘው አጣች።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ አሽሚም ሁለት ልጆቿን ታመጣለች። እማዬ ሃላን አደባባይ አጠገብ ትንሽ የስፌት ቤት አላት። ባለፈው ክረምት ክር ልትገዛ አብረን ወጣን። እንደ ልማዴ አሥር እርምጃ እቀድማትና ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ እሷ ትደርስብኛለች፤ እንደገና እቀድማታለሁ። አደባባዩ ጋ ቆሜ ስጠብቃት ከአፌ አመለጠኝ።

"ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁሽም።"

የትኛውን ቀን ብላ አልጠየቀችኝም። "ዞረሽ ቢሆን መች እሄድ ነበር" አለች። ከዚያ ጉልበቷን እያሸች፣ የዕለት ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ "ለነገሩ ትልቁ መንገድ አስጨነቀኝና ወረድኩ እንጂ" አለች።

"ወረድኩ? ከየት?"

"ከአውቶቡሱ ነዋ! በዚያች ጣውላ ላይ እንዳለች ብትሻገርስ ብዬ። አስቁሜ ወረድኩ። ሰውዬው በናቴ በአባቴ ሰደበኝ። ሮጥኩ። ግን ማን ይደርስብሻል? የሚታየኝ ሹሩባሽ ብቻ ነው።"

"ለምን አልጠራሽኝም?"

"ብጠራሽ ትዞሪያለሽ።"

መኪኖቹ ይዞራሉ።

"እስከ የት ሮጥሽ?"

"እዚህ ድረስ።" አገጯን ወደ አደባባዩ ቀሰረች። "እዚያ መድኃኒት መሸጫው ጋ ቆምኩ። አንቺ እዚህ ስትደርሺ ወረድሽ። እሷን ብብትሽ ውስጥ አደረግሽ፣ ግራ አየሽ፣ ቀኝ አየሽ፣ ተሻገርሽ። ጎሽ አልኩና ተመለስኩ። ያ አውቶቡስ አምልጦኝ በሚቀጥለው መቀመጫ አጥቼ እስከ ቡትዋል ቆሜ ነው የሄድኩት። ሰውዬው እዚያ ጠብቆኝ እንደገና ሰደበኝ።"

ከፕሪትቪ አደባባይ እስከ ሃላን ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በቦርድ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አላውቅም።

"ምን ትገተሪያለሽ? ክር ቤቱ ሊዘጋ ነው" አለችኝ።

ክንዷን ያዝኩ። ግራ አየን፣ ቀኝ አየን። በእሷ እርምጃ ተሻገርን።